በየጠዋቱ መርዶ

ውድ ወንድሜ ኦሊያድ፣

እንደምን አለህ አልልህም፤ ቀብረንህ የለ! ግን ካንተ በቀር የምነግረው ሰው አጣሁ።

የእማዬ ነገር ነው። የመርሳት ሕመሟን ታውቃለህ። የሞትክ ጊዜ የቤተክርስቲያን ሽማግሌዎች በማለዳ ምሥራቅ ሰፈር ቤታችን ድረስ መጥተው፣ ከመካከላቸው ጋሽ ታደሰ አፍ አውጥተው አረዷት። እንደ እናት አለቀሰች። በማግስቱ ግን "ኦሊያድ ቁርስ ሳይበላ ወጣ?" አለችኝ።

"እማ፣ ኦሊያድ እኮ ሞቷል" አልኳት። ገና ዛሬ እንደሰማ ሰው ደረቷን ደቃች። ሌላ ቀን "ጌታ ጠራው" ብላት፣ "ታዲያ ሲጨርስ ይላከው" አለች። የልጅነት ቋንቋዋ ነው፣ ይገባት ይሆናል ብዬ በሲዳምኛ ነገርኳት፤ ባሰባት። ከአሞራ ገደል ዓሳ ገበያ ስትመለስ ሞተርህን መኪና እንደገጨው ከነዝርዝሩ አወራኋት። ለለቅሶው የሰቀልነውን ፎቶህን ባሳያት "ሲያምርበት!" ብላ ሳመችህ። አንድን ነገር በስንት መንገድ መናገር ይቻላል? እኔ እንጃ። መንገዱ አያልቅም፣ እኔ ግን አለቅኩ።

ጎረቤታችን ዘነበች "ምን አስጨነቀሽ፣ ሥራ ሄዷል በያት" አለችኝ። አልኳት። ደስ አላት፤ ግን ልጄ ሳይመጣ አልበላም አለች። ቅዳሜ ቅዳሜ ዓሳ ይዘህላት ትመጣ የለ? እኔው ገዝቼ ብሠራላት "የሱ ነው፣ ይቀመጥለት" ብላ ከደነችው። እውነቱን ስነግራት ልቧ ይሰበራል፣ ስዋሻት በረሃብ ልታልቅብኝ ነው። የቱን ልምረጥ? አንተስ ተገላገልክ! ተናድጄብሃለሁ፣ ልንገርህ።

ትናንት አቃተኝ። እግሯ ሥር ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ራሴን እየዳበሰች "ማን ሞተብሽ ልጄ?" አለችኝ።

"ወንድሜ።"

"እኔን! ወንድም ከየት ይገኛል!" ብላ አብራኝ አለቀሰች፤ ከልቧ። ከዚያ ነጠላዋን አነሳችና በሩን በሩን እያየች "በይ አይዞሽ። ኦሊያድ ይምጣና አብረን ለቅሶ እንደርሳለን" አለችኝ።

እኔም ነጠላዬን ለብሼ አጠገቧ ተቀምጫለሁ። እየጠበቅንህ ነው።

እህትህ ሳያት