ግማሾቹን ፎቶዎች ያገናኙት እትዬ ጥንድ

ባልደረቦቻቸው “እትዬ ጥንድ” የሚሏቸው አክስታችን ከአናጺ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው በመጋቢት 1943 ዓ.ም. ተወለዱ። ትምህርታቸውን በሰፈራቸው አጠናቀው በ1963 ዓ.ም. በአንድ መሥሪያ ቤት የፎቶ ማኅደር ክፍል በጸሐፊነት ተቀጠሩ።

በሁለተኛው ዓመት አለቃቸው መደርደሪያ እንዲያስለቅቁ አዘዟቸው። በአንዱ መሳቢያ ጎን ለጎን ሁለት አንድ ዓይነት ፎቶ የተለጠፈባቸው 409 አሮጌ ካርቶኖች ነበሩ። እትዬ ትጉህ ነበሩና “ድጋሚ ምን ያደርጋል?” ብለው ሁሉንም መሃል ለመሃል በመቀስ ቆረጡ። የቀኙን አስቀመጡ፤ የግራውን ለጠየቃቸው ሁሉ አደሉ። ተመሰገኑበትም።

በ1970 ዓ.ም. አንድ የመነጽር ባለሙያ እንዲህ ያለ ፎቶ ፍለጋ መጡ። የራሳቸውን ያልተቆረጠ ካርቶንና ባለ ሁለት መስታወት መመልከቻ ይዘው ነበር። እትዬ ዓይናቸውን ቢያስጠጉ ሁለቱ ፎቶዎች አንድ ሆኑ፤ በረንዳ ላይ የተቀመጡት ሰዎች ከወረቀቱ ወጥተው ፊታቸው ቁጭ አሉ። አንዱ የግራ ዓይን፣ ሌላው የቀኝ ዓይን እይታ እንደሆነ ያን ቀን ገባቸው። ካንጀታቸው አለቀሱ። ጥፋታቸውን ግን አልሸሸጉም፤ ራሳቸው ለአለቃቸው በጽሑፍ አመለከቱ፤ በማስጠንቀቂያም ታለፉ። ሳይደግስ አይጣላም እንዲሉ፣ የመነጽር ባለሙያውን በዓመቱ አግብተው የሁለት ልጆች እናት ሆኑ።

ከዚያ ወዲህ ያደሏቸውን የግራ ግማሾች ፍለጋ ያላንኳኩት በር የለም። እንግድነት በሄዱበት ሁሉ ሰላምታ ሳይጨርሱ ዓይናቸው ግድግዳ ግድግዳውን ያይ ነበር። በ1998 ዓ.ም. ጡረታ ሲወጡ ሴት ልጃቸው ስካነር ገዛችላቸው፤ አብረውም ግማሾቹን በኮምፒውተር እያገናኙ ለመሥሪያ ቤቱ ማስረከብ ጀመሩ። አንዴ ልጅቱ ግራና ቀኙን አዛውራ ብታስገባ ቅርቡ ሩቅ ሆነና፣ “ምነው ልጄ፣ ሰውዬውን ግድግዳ ውስጥ ቀበርሽው እኮ” ማለታቸው ቤተሰቡን እስካሁን ያስቃል።

ባደረባቸው የልብ ሕመም ሲታከሙ ቆይተዋል። ባለፈው ሳምንት የቀድሞው የመሥሪያ ቤቱ ሾፌር ሊጠይቋቸው መጥተው፣ ከሃምሳ ዓመት በላይ ሳሎናቸው ሰቅለውት የኖሩትን ግማሽ ፎቶ እጃቸው ላይ አኖሩላቸው። እትዬ ፈገግ ብለው “ዐሥር ቀሩኝ” አሉ። በማግስቱ፣ ጥቅምት 9 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ በተወለዱ በ73 ዓመታቸው ዐረፉ።

ባለቤታቸው፣ ሁለት ልጆቻቸው፣ አራት የልጅ ልጆቻቸውና እኛ የእህትና የወንድም ልጆች አለንላቸው። በቤታችሁ ቀኝ ጠርዙ በመቀስ ትንሽ ጠመም ብሎ የተቆረጠ አሮጌ ፎቶ ካለ፣ እባካችሁ ለልጃቸው አድርሱላት፤ የእትዬ እጅ ነው። ይቅር ባዩ አምላክ ነፍሳቸውን በብርሃን ያኑርልን፤ ዐሥሩን እኛ እንጨርስላቸዋለን።