ከአኮርዲዮኑ በፊት

ማክሰኞ
በላይነሽ ዛሬም ልምምድ አልመጣችም። ሳስተምር ግን ክፍል ውስጥ ነበረች፤ ዓይኗን ከደብተሯ አላነሳችም። ጓደኛዋ ነገረችኝ፤ አባቷ በቁምጣ ቅርጫት ኳስ እንደምትጫወት ሰምተው ከልክለዋታል። ያለ እሷ የሰባተኛ ክፍል ቡድኔ አምስት አይሞላም፤ አራት ልጅ ነው። ቅዳሜ ደግሞ የምንጫወትበት የትምህርት ቤቱ አዳራሽ ለሙዚቃ ተይዟል፤ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች አኮርዲዮናቸውን ይዘው ከአዲስ አበባ ይመጣሉ።

ረቡዕ
ዳይሬክተሩን ለመንኩ። ሙዚቃው ዘጠኝ ሰዓት ነው፤ ስምንት ላይ ሰባተኛና ስምንተኛ ክፍል ይጋጠሙ፣ አግዳሚ ወንበሩን እኛው እንደረድራለን አልኩ። "ሰው ዘፈን ሊሰማ መጥቶ የሴት ልጅ ሩጫ ይመልከት?" አሉ። ቀጥለውም፣ "ወለሉን ጠርጋችሁ ነው እንግዲህ።" ፈቀዱ ማለት ነው።

ሐሙስ
የበላይነሽ አባት አቶ ደምሴ የእህል ነጋዴ ናቸው። መጋዘናቸው ሄድኩ፤ ከሳጉሬ የመጣ ገብስ ያስራግፋሉ።
"ወይዘሪት፣ ልጄ እግሯን ገልጣ ሕዝብ ፊት አትሮጥም" አሉኝ።
"በረጅም ቀሚስስ?"
ወደ ጆንያቸው ዞሩ። ጆንያ መቁጠር ያዙ።

ዓርብ
ሰማያዊ ጨርቅ፣ መርፌ፣ ከሁለቱም ቡድን ዘጠኝ ልጆች። ቀሚሱ ከጉልበት በታች ይወርዳል። ሲሮጡበት ሁለቱ ወደቁ፤ ሳቅን፣ ታችኛውን ሰፋ አደረግነው። በላይነሽ በሩ ላይ ቆማ ስታይ ቆየችና ገብታ አስረኛውን ራሷ ሰፋች። ክሩን አቀበልኳት።

ቅዳሜ
ጨዋታው መሐል ላይ አቶ ደምሴ ጋቢያቸውን ተከናንበው ገቡ፤ ለአኮርዲዮኑ ቦታ ሊይዙ። በላይነሽ አየቻቸውና ኳሱን እንደያዘች ደርቃ ቀረች። እኔም ፊሽካዬ አፌ ውስጥ ቀረ። እሳቸው ግድግዳው ሥር ካለው አግዳሚ ተቀመጡ። ሮጠች። በሁለት ነጥብ ተሸነፍን። ከዚያ አግዳሚ ተሸከምን፣ ዘፈኑ ተጀመረ፤ ልጆቼ ላባቸው ሳይደርቅ ያጨበጭባሉ። ደስ ብሎኝ ዋልኩ። አቶ ደምሴን ግን ቀና ብዬ ማየት ፈራሁ።

እሑድ
ከቤተ ክርስቲያን ስወጣ አቶ ደምሴ ጠሩኝ። ነጠላዬን እያስተካከልኩ ቀረብኩ።
"ያቺ ረጅሟ ልጅ፣ ለበላይነሽ ለምንድን ነው የማታቀብላት? ሁለት ጊዜ ብቻዋን ቆማ ነበር እኮ።"
እነግራታለሁ አልኩ።
"ደግሞ መቼ ነው የምትጫወቱት?"
የታሰበ ሌላ ጨዋታ የለም፤ እኔ ግን "የሚመጣው ቅዳሜ" አልኳቸው።
ነገ ጠዋት አዳራሹን ለመለመን ዳይሬክተሩ ዘንድ መግባት አለብኝ። ምን እንደምላቸው ገና አላወቅሁም።