ዐሥር ሣጥን፣ ስድስት ፊርማ

ሰኞ፣ ሐምሌ 8/2005፤ ከቀኑ 10 ሰዓት

ዛሬም ተሰብስበን ዋልን፣ ምንም ሳንማር ዋልን። አንተ ደብተር፣ ጫማዬን ሳላወልቅ ነው የማናግርህ። ጉሮሮዬ ደርቋል። ለማፍጠሪያ ገና ሦስት ሰዓት ገደማ ይቀራል። ፆመኛ ሆኜ ሰው መሳደብ አልችልም። አንተ ላይ መጻፍ ግን ፆም አያፈርስም፣ ይመስለኛል።

የሒሳብ መምህራን ስልጠና፣ ሁለተኛ ሳምንት። ሠላሳ ስድስት ሰው በአንድ አዳራሽ፣ ቆርቆሮው ሥር እንቀቀላለን። የከሚሴ ሙቀት ዝናብ ቢጥልም አይበርድም። ዛሬ በአንድ ለአምስት አደራጁን። አንድ መሪ፣ አምስት አባል። የኛ መሪ መ/ር እንድሪስ ነው። ከአሁን በኋላ እ. ብቻ፤ ስሙን ሙሉ መጻፍ ቀለም ማባከን ነው። እንዴት ተመረጠ? ቀድሞ ወንበር ስቦ መሃል ተቀመጠ፣ አለቀ። ደግነቱ ፋጡማ እኛ ቡድን ናት። ከኮሌጅ ጀምሮ ጓደኛዬ።

ለምን እንደምታገስ ታውቃለህ። ስልጠናው ሲያልቅ አንድ ሰው ተመርጦ እዚሁ ከተማ ት/ቤት ይመደባል። እኔ ጨፋ ነኝ፣ ስድስት ዓመት ሙሉ። ባጃጅ እስከ ድልድዩ፣ ከዚያ ማሽላውን ሰንጥቆ አንድ ሰዓት ተኩል በእግር። ሂክማን የማያት ቅዳሜና እሑድ ነው። ልጄን እዚህ ከሚሴ እናቴ ናት የምታሳድጋት። አባቷ ደሴ ሌላ አግብቶ ልጅ እንዳለው ረስቷል። መስከረም ላይ ሰባት ዓመት ይሞላታል፣ አንደኛ ክፍል ትገባለች። ይህን ቦታ እፈልገዋለሁ። ወላሂ እፈልገዋለሁ።

ረቡዕ፣ ሐምሌ 10

በመጨረሻ ሒሳብ የሚመስል ነገር አየን።

አሰልጣኙ ከደሴ የመጣ ቀጭን ሰው ነው፣ ድምፁ ከጠመኔው ያነሰ። ዐሥር ሣጥን ተርታውን የታተመበት ወረቀት አደለ። ከሣጥኖቹ ሥር ከ0 እስከ 9 ተጽፏል። ከ0 በላይ ያለው ሣጥን በቁጥሩ ውስጥ ስንት ዜሮ እንዳለ ይናገራል። ከ1 በላይ ያለው ስንት 1 እንዳለ። እንዲህ እያለ እስከ 9። ምሳሌ በአራት ሣጥን ሰጠ፦ 1210። አንድ ዜሮ አለው፣ ሁለት 1፣ አንድ 2፣ 3 የለውም። ትክክል። ቁጥሩ ስለ ራሱ አይዋሽም።

አሁን ባለ ዐሥሩን ፈልጉ፣ ሌላ አለመኖሩንም በምክንያት አሳዩ አለ። እስከ ሰኞ። የሚመደበው ሰው የሚመረጠው በዚህ ነው።

ቆይ፣ አሁን ሳቅ። እ. ምን አደረገ? ሥራ እናከፋፍል አለ። ሣጥኖቹን አከፋፈለን! ለአራታችን ሁለት ሁለት፣ ለሁለት ሰው አንድ አንድ። እሱ አንዷን ወሰደ፣ መሪ ስለሆነ። ለኔ 8 እና 9 ደረሱኝ። እያንዳንዱ ሣጥን የሌሎቹን ሁሉ ሳያይ እንዴት ይሞላል? ጠየቅኩት። አብሽሪ እህቴ፣ መጨረሻ ላይ እናዋህደዋለን አለኝ። ሦስቱ ሰዎች ራሳቸውን ነቀነቁ። ጤፍ አጨዳ መሰላቸው፣ ሁሉም በየመደቡ ገብቶ ማታ ነዶው የሚሰበሰብ።

ሰዉ ሁሉ ሲነቀንቅ ፋጡማም ነቀነቀች።

ዓርብ፣ ሐምሌ 12

አልወጣልኝም። ፊተኛውን ሣጥን 9 አደረግኩ፦ ዘጠኝ ዜሮ ማለት ሌላው ሁሉ ባዶ ነው፣ ግን 9 ራሱ ስላለ የ9 ሣጥን ባዶ መሆን አይችልም። ተሰረዘ። 8 አደረግኩ፣ ተሰረዘ። 7 ላይ ግማሽ ቀን። አንዱን ሳስተካክል ሌላው ይበላሻል። ከጁምዓ መልስ ሂክማ መጥታ ትከሻዬ ላይ ተንጠለጠለች። ጮኽኩባት። ዓመቱን ሙሉ ስትጠብቀኝ የኖረች ልጅ ላይ ጮኽኩ፣ ለዐሥር ሣጥን ብዬ። ወጥታ አያቷ ጉያ ገባች።

በራሴ ተናደድኩ። በእ. ተናደድኩ። በጨፋ መንገድም።

ቅዳሜ፣ ሐምሌ 13፤ ጠዋት

አገኘሁት! አገኘሁት፣ አገኘሁት።

ከሱብሂ ሶላት በኋላ ዝናቡን እየሰማሁ ተቀምጬ ነው። አንድ በአንድ መሞከሩን ተውኩና መደመር ጀመርኩ። የሣጥኖቹ ድምር ዐሥር መሆን አለበት፤ ሁሉም የሚቆጥሩት ያንኑ ዐሥር ቦታ ነውና። ፊተኛው 6 ቢሆን ስድስት ዜሮ አለ፣ ዜሮ ያልሆኑት አራት። አንዱ ራሱ 6 ነው። ለቀሩት ሦስት ቦታዎች የሚተርፈው ድምር 4። ሦስት ቦታ ላይ 4ን የሚሞላው 1፣ 1 እና 2 ብቻ ነው። ፊተኛው 5 ቢሆንስ? አራት ቦታ፣ ድምር 5፦ 1፣ 1፣ 1 እና 2። ያው ነው! ምንጊዜም አንድ 2፣ የቀሩት 1።

ከዚያ ወዲያ መንገዱ ለጥ አለልኝ። ፊተኛው ከ6 ካነሰ 1ዎቹ ይበዛሉ፤ ብዛታቸውን ለመጻፍ 3 ወይም ከዚያ በላይ የሆነ ቁጥር ያስፈልጋል፣ እሱ ደግሞ የለም። ከ6 ከበለጠ ቦታ ይጠባል። 7 ሲሆን የ7፣ የ1 እና የ2 ሣጥኖች ባዶ መሆን አይችሉም፣ ያለው ቦታ ግን ሁለት ብቻ ነው። 8 እና 9 ጭራሽ። የቀረው አንድ ነው፦

6210001000

ስድስት ዜሮ። ሁለት 1። አንድ 2። አንድ 6። ሌላ የለም፣ ሊኖርም አይችልም። አልሐምዱሊላህ። ሂክማን አቅፌ አዞርኳት። ምን እንደሆነ አልገባትም፣ ግን ሳቀች። የትናንቱን ይቅር አለችኝ መሰለኝ።

ሰኞ፣ ሐምሌ 15

እስክሪብቶውን ተጭኜ ነው የምጽፈው፤ ገጹ ከተቀደደ እሱ ነው።

እ. የራሱን መልስ ይዞ መጣ፦ 7210000100። ዜሮዎቹን ቁጠር አልኩት። ቆጠረ፣ ሰባት አለ። በጣቴ እየነካሁ ቆጠርኩለት፣ ስድስት። ሰውዬው ከሣጥኑ ሥር የታተመውን 0 ጨምሮ እየቆጠረ ነው! ይሄ የሣጥኑ ምልክት ነው፣ መልስ አይደለም አልኩት። ወረቀቱ ላይ እስካለ ድረስ ዜሮ ዜሮ ነው አለ። የኔን ሥራ ዘርግቼ ከላይ እስከ ታች አስረዳሁ። ሁሉም አዩት። አንዱ እንዲያውም አሃ አለ።

ከዚያ እ. ለምን እንጨቃጨቃለን፣ በድምፅ እንወስን አለ።

በድምፅ። ሒሳብን። እጅ በማውጣት።

ለሰባቱ አራት እጅ። ያ አሃ ያለውም አወጣ። ለስድስቱ የኔ ብቻ። ፋጡማ ለዚህም ለዚያም አላወጣችም፤ የነጠላዋን ጥለት ትቆጥራለች። ስንወጣ ለምን አልኳት። ዝም አይነቅዝም አለችኝ። አንቺ ግን ትነቅዣለሽ አልኳት። ፆሜን አበላሸሁ መሰለኝ፣ አስተግፊሩላህ።

የራሴን መልስ በሌላ ወረቀት ገልብጬ ለአሰልጣኙ ላስረክብ ሄድኩ። በግል አንቀበልም፣ አሠራሩ አይፈቅድም አለኝ። ይቅርታ የጠየቀ መሰለኝ፣ ግን አልተሰማም።

ማክሰኞ፣ ሐምሌ 16

ግለ ሂስ ተደረገ። ሁሉም ስለ ራሱ ይናገራል፣ ከዚያ ሌሎቹ ስለ እሱ። እ. ስለ ራሱ፦ ድክመቴ ከልክ በላይ መድከሜ ነው። ስለ እኔ፦ ግለኝነት፣ የቡድን መንፈስ ማጣት፣ ድምፅ ከፍ ማድረግ። ድምፄን ከፍ ማድረጌ እውነት ነው። ተመዘገበ። የራስሽን ድክመት ተናገሪ ሲሉኝ መደመር መቻሌ ነው አልኩ። እሱም ተመዘገበ።

ዓርብ፣ ሐምሌ 19

አሰልጣኙ መልሱን ሰሌዳ ላይ ጻፈ። 6210001000። ከስድስቱ ቡድን አንድም አላገኘውም አለ፣ አዝኖ። አራቱ ጓዶቼ ወለሉን ሲያዩ አየሁና፣ እውነቱን ልንገርህ፣ ደስ አለኝ።

ለምን ያህል ጊዜ? እ. እጁን እስኪያወጣ። ተነሣ። ቡድናችን ይህንኑ አግኝቶ ነበር፣ ወደ ንጹሕ ወረቀት ሲገለበጥ ነው የተሳሳተው አለ። ማስረጃ አለን ብሎ ወረቀት አወጣ። የኔን ወረቀት! የኔን እጅ ጽሑፍ! ሰኞ ያሳየኋቸውን መልሼ አልወሰድኩትም ነበር፣ ቂል። አሰልጣኙ አነበበው፣ ፊቱ በራ፣ ድንቅ ሥራ ነው አለ። ተነሥቼ እኔ ነኝ የሠራሁት አልኩ። ጨዋ ሰው ነው፣ አመነኝ። ግን አሠራሩ ቡድን እንጂ ሰው አያውቅም። አንደኛ የወጣው ቡድን መሪ ይመደባል። የስድስቱም ፊርማ ያለበት ቃለ ጉባኤ እስከ ማክሰኞ ይግባ።

ወርቅ ላበደረ ጠጠር። የከተማው ቦታ ለእ.። እሱ እኮ ቤቱ ከሚሴ ነው፣ የሚያስተምረውም ከሚሴ ነው! ከመኝታው ተነሥቶ ክፍል የሚገባ ሰው ነው። ግድግዳውን በቡጢ መታሁት። ምንም አልሆነም፣ እጄ እንጂ።

ሰኞ፣ ሐምሌ 22፤ ካፈጠርን በኋላ

እንግዳ መጣብን። አዛን ሊል ሲል፣ እ. እና ፋጡማ። እሱ ተምር ይዟል፣ እሷ አይኗን መሬት ላይ ተክላለች። እናቴ ምን ታድርግ፣ በረመዳን ማፍጠሪያ ላይ የመጣ ሰው አይመለስም። ተቀመጡ። አብረን አፈጠርን። ሾርባዬን ጠጣ። ሳምቡሳ ደገመ።

ከዚያ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ አፉ በይኝ፣ ይቅር በይኝ አለ። በእናቴ ፊት፣ በልጄ ፊት፣ በዚህ ወር። አፉ በለኝ የተባለ ሰው ምን ይላል? ሌላ መልስ የለውም። አፉ ብያለሁ አልኩ። ከልቤ ነበር ማለት ይቻላል፤ የሚገርም ነው፣ ትንሽ ቀለለኝ። እናቴ አላህ ይቀበላችሁ ብላ መረቀች።

ምርቃቱ ሳያልቅ ወረቀቱን ከኪሱ አወጣ።

መልሱን በጋራ ሠርተን በሙሉ ድምፅ አጽድቀናል ይላል። የተስማሙ፦ 6። ያልተስማሙ፦ 0። አምስት ፊርማ ተደርድሮ የኔ ቦታ ባዶ ነው። ለሚቀጥለው ዓመት አንቺን ነው የምጠቁመው፣ ፈርሚና ወንድምና እህት እንሁን አለኝ። እናቴ ታየኛለች። አንድ ዓመት ምን አላት የምትል ትመስላለች። እኔም አስቤዋለሁ፣ አልዋሽህም። አንድ ዓመት ከታገስኩ ሂክማ ሁለተኛ ክፍል ስትገባ አጠገቧ ነኝ።

ወረቀቱ እስከ ነገ ይደርልኝ አልኩ። እነሱ ሲወጡ ፋጡማ በር ላይ እጄን ጨበጥ አደረገችው። እኔ አልጨበጥኩም።

ማክሰኞ፣ ሐምሌ 23

በአዳራሹ መሃል፣ በቡድኑ ፊት፣ እስክሪብቶ አወጣሁ። 6ን ሰረዝኩ። 0ን ሰረዝኩ። ሐምሌ 15 በድምፅ ስንወስን የሆነውን ጻፍኩ። የተስማሙ፦ 1። ያልተስማሙ፦ 4። ፋጡማ ሣጥን አልነበራትም፤ በማስመሪያ ሦስተኛ ሠራሁላት። ዝም ያሉ፦ 1። ድምር ስድስት። ከሥሩ ፈረምኩ፣ ስሜን ከነአባቴ ከነአያቴ።

እ. አፉ ብለሽኝ አልነበረም ወይ አለ፣ ድምፁ እየሰለለ። አንተን አፉ ብያለሁ፣ ወረቀቱን አላልኩም አልኩት። እውነት ነው፣ ሰውየው ላይ ቂም የለኝም። ንዴት ግን አለኝ፣ ሁለቱ የተለያዩ ናቸው።

አሰልጣኙ ወረቀቱን ተቀብሎ ለረጅም ጊዜ አየው። ከዚያ ከሌሎቹ ወረቀቶች በላይ አስቀመጠው።

ሐሙስ፣ ሐምሌ 25

ውጤቱ ተለጠፈ። የኛ ቃለ ጉባኤ ስርዝ ድልዝ አለበት ተብሎ ወደቀ። ቦታው ለአራተኛው ቡድን መሪ ተሰጠ። የእነሱን ወረቀት አይቼዋለሁ፤ ዐሥሩም ሣጥን ባዶ ነው። ፊርማቸው ግን ስድስት፣ ሙሉ፣ ንጹሕ።

ሳቅኩ። ሰዉ አበደች አለ። ሳቄ ሳያልቅ ዕንባዬ መጣ፣ ዓይኔን በሻርፔ ሸፍኜ ወጣሁ። በር ላይ ዘበኛው አካም ቡልቴ፣ እንዴት አደርሽ አሉኝ። እጄን ብቻ አንሥቼ አለፍኩ።

ብፈርም ኖሮ ቢያንስ ተስፋ ነበረኝ። አሁን እሱም የለም። ተቆጭተሻል ወይ ብለህ እንዳትጠይቀኝ።

ቅዳሜ፣ ሐምሌ 27

ሁለት ቀን አስቤ ቆረጥኩ። ዛሬ ለእናቴ ነገርኳት። መስከረም ላይ ሂክማን ይዣት ጨፋ እወርዳለሁ። እኔ ት/ቤት ትማራለች፣ በአዲሱ ዓመት አንደኛ ክፍልን የምይዘው እኔ ነኝ።

ላኪ አለች በኦሮምኛ፣ አይሆንም። ጨፋ ወባ ነው፣ ያቺ የኪራይ ክፍልሽ ለዝናብ እንኳ አትሆን፣ ልጅቷ ከተማ ለምዳለች፣ አልሰጥም። እኔም መለስኩ። ማንን ነው የማትሰጪው? ስድስት ዓመት ሙሉ ሰው ወደ ልጄ እስኪመድበኝ ጠበቅኩ፣ በቃኝ አልኩ። ጮኽን። ሁለታችንም ፆመኞች ነን። ጎረቤት ብቅ ብሎ ተመለሰ። እናቴ ጓዳ ገባች፣ ቆየች። ስትወጣ አዲስ አጎበር፣ ከነላስቲኩ፣ ጭኔ ላይ ወረወረችልኝ። አላየችኝም። ቀዳዳ ካገኘሁበት መጥቼ እወስዳታለሁ አለች።

ሂክማ ይህን ሁሉ በር ተደግፋ ስትሰማ ኖራለች። መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። እዚያ ክፍልሽ ውስጥ ስንት ልጆች አሉ ብላ ጠየቀችኝ። ስልሳ ሁለት ተመዝግበዋል አልኳት።

በጣቷ ስትቆጥር ቆየች። ስልሳ ሦስት በይ አለችኝ።