ከመኪና ሥር ያለ ሰው አይነሣም

አሶሳ፣ ጥቅምት 1989 ዓ.ም.

ውድ ሀምዲያ፣

አባትሽ ደህና ናቸው። ባሌ ሙላውም ደህና ነው፤ ይኸው አሁን ምሳውን ጎራርሶ አፉን እንኳ በወጉ ሳይጠርግ ወደ መኪናው ተመልሷል። ይህን ያስቀደምኩት ሆሞሻ ገበያ ላይ ወሬ እንደደረሰሽ ስለሰማሁ ነው። «ሼህ አጣሂር የጎረቤታቸው ባል ላይ መኪና ጣሉበት» ብለው ነው አሉ አባትሽን ያሙብሽ። ከዚያ ወሬ ውስጥ ግማሹ እውነት ነው፣ መኪናው ወድቋል። ሌላው ግማሽ ግን ደስ የሚል ስለሆነ ነው መሰለኝ ማንም ጭኖ ሆሞሻ አላደረሰውም። እሱን እኔ ልጻፍልሽ። ልጅሽን አስተኚና ተረጋግተሽ አንብቢው፤ ታውቂኛለሽ፣ ማሳጠር አልችልበትም።

ባልሽ እዚያ ወረዳ ተሹሞ ከሄዳችሁ ወዲህ አሶሳን ብታዪያት አታውቂያትም። ክልል ሆነን የለ! ቢሮ በቢሮ ሆነናል። ቢሮው ሁሉ መኪና አለው፣ መኪናው ሁሉ ደግሞ በዚህ መንገድ ላይ ሲንገጫገጭ ከርሞ የሆነ ነገሩ ይወልቃል። የሚጠግን ሰው ግን በጣት የሚቆጠር ነው። እናም ያ በሰፈራ ጣቢያ ትራክተር ሲፈታና ሲገጥም የኖረው ሙላው ዛሬ የሚፈለግ ሰው ሆኗል። ከማንጎው ዛፍ አጠገብ የቀርከሃ ቋሚ ተክሎ፣ በላዩ ቆርቆሮ አልብሶ «ጋራዤ» ይለዋል። ዝናብ በጎን እየገባ ያጥበዋል፣ ፀሐይ በሌላው ጎን እየገባች ታደርቀዋለች፤ ጋራዥነቱ ግን አልተነካም።

እኔ ደግሞ የጋራዡ ተቆጣጣሪ ነኝ። ማንም አልሾመኝም፤ ዘመኑ የሹመት ስለሆነ ራሴን ሾምኩ። ቤንዚን በሣህን ቀድቶ ዕቃ ሲያጥብ ከከሰል ምድጃዬ ምን ያህል እንደራቀ የማየው እኔ ነኝ። ባትሪ ሊነካ ሲል የጋብቻ ቀለበቱን አስወልቄ ጡቴ ሥር እደብቃለሁ። በነጠላ ጫማ ከገባ አልለቀውም። ሞተር አስነሥቶ ጭሱ ቆርቆሮው ሥር ሲታፈን በመጥረጊያ እንደ ዶሮ አባርሬ አወጣዋለሁ። እሱም «እሺ የኔ እመቤት» እያለ ይስቅብኛል።

አንድ ነገር ግን ለማናችንም አደጋ መስሎ አልታየንም። ሰላምታ!

የአባትሽን ሰላምታ መቼም ከኔ በላይ ታውቂዋለሽ። አጥሩ ላይ አንቺና እኔ ቀርከሃውን ገፍተን የከፈትናትን መሽሎኪያ አንቺ ከሄድሽ በኋላ የወረሷት እሳቸው ናቸው። ገና ከወዲያ ማዶ ጉሮሯቸውን ጠረግ ያደርጋሉ። ከዚያ በሁለት እጅ ይጨብጡና ቤቱን፣ ልጆቹን፣ ላሟን፣ ዝናቡን ይጠይቃሉ። ቀጥለው ወሎ ያለችውን አክስቴን ይጠይቃሉ፤ አይተዋት የማያውቋትን። ወገቧን እንደሚያማት ከነገርኳቸው ጀምሮ ወገቧን ለብቻው ይጠይቁልኛል።

የሙላውን አስተዳደግ ደግሞ ታውቂያለሽ። ሽማግሌ ገብቶ ተቀምጦ መቆየት ለሱ ሞት ነው። ተጋድሞ፣ ያውም እግሩን ወደ ሽማግሌ ዘርግቶ መቆየትማ እንዴት ተብሎ! ስለዚህ የአባትሽን ጉሮሮ በሰማ ቁጥር የያዘውን ቁልፍ ጥሎ፣ ከመኪናው ሥር እንደ እንሽላሊት ተስቦ ይወጣና ቀጥ ብሎ ይቆማል። እኔም ከኩሽና ሆኜ እያየሁ ደስ ይለኝ ነበር። ጨዋ አገባሁ እላለሁ።

አሁን ዋናውን ልንገርሽ። ሙላው በያጅ ያሠራቸው ሁለት የብረት መደገፊያዎች አሉት፣ እነሱ ካቫሌቶ ይሏቸዋል። መኪናውን በክሪክ ካነሣ በኋላ ከሥሩ ያቆማቸዋል፤ ክሪኩ ቢከዳ እነሱ ይሸከማሉ። ከዚያም በላይ፣ የፈታውን ጎማ አጋድሞ ከመኪናው ሆድ ሥር ያስገባል፤ ሁሉም ቢከዳ መኪናው ጎማው ላይ ያርፋል እንጂ ሰው ላይ አያርፍም። ይህን ሁሉ ያስተማረኝ ራሱ ነው። ግን ሥራው አጭር ከሆነ «ለአንድ ብሎን ምን ያደክመናል» ብሎ ካቫሌቶውን ይተወዋል። ጎማውን ደግሞ የት እንደሚያደርገው ታውቂያለሽ? ማንጎው ሥር፣ ጥላ ላይ። ለአባትሽ መቀመጫ! መጥተው እንዳይቆሙ። ነፍሱን የሚያድንለትን ጎማ የእንግዳ ወንበር አደረገው እልሻለሁ።

መስከረም ሲያልቅ ነው ነገሩ። ሌሊቱን ሲዘንብ አድሮ ያ ቀይ አፈራችን እንደ ቅቤ ለስልሷል። ሙላው የሆነ መሥሪያ ቤት ላንድሮቨር በክሪክ አንሥቶ፣ የፊት ጎማውን ፈትቶ ገብቶበታል። ክሪኩ ጣውላ ላይ ነው፣ ጣውላው ጭቃ ላይ ነው። ጎማው ማንጎው ሥር ነው። እኔ ልብስ አሰጣለሁ።

አባትሽ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

ሙላው እንደ ልማዱ ተስቦ ሊወጣ ሲል ጉልበቱ ክሪኩን መታው። እኔ ያየሁት ይኼን ነው፦ አባትሽ ቀኝ እጃቸውን ዘርግተው፣ አንድ እግሩ ገና ከመኪናው ሥር ያለውን ሙላውን ጨብጠዋል። ጉልበታቸው አላስቆም ሲላቸው ግራ እጃቸውን መኪናው ላይ አሳረፉ። ያኔ ጣውላው ተንሸራተተና መኪናው ቁጭ አለ። እንዴት ብዬ ልንገርሽ፣ ጩኸት እንኳ አልነበረውም። እንደ ደከመው ሰው ቁጭ። የሙላው አንድ እግር ጫማ ከሥሩ ቀረ።

እጅ ለእጅ እንደተያያዙ ሁለቱም ወደዚያ ጫማ ያያሉ። በመጨረሻ አባትሽ ቀስ ብለው ጠየቁ።

«እግር ውስጡ አለ?»

«የለም አባባ። እግሬ እኔው ጋ ነው» አለ ሙላው፣ ባዶ እግሩን አንሥቶ እያሳያቸው።

አባትሽ እግሩን አዩት፣ ከዚያ ግራ እጃቸውን አዩት። እናም ሀምዲያዬ፣ ሳውቃቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ሰላምታውን ሳይጨርሱ ሄዱ። አክስቴን እንኳ አልጠየቁም።

ከዚያ ወዲያ ቀሩብን። ጠዋት ስጠብቅ የሉም፣ ከሰዓት የሉም። አንድ ቀን ከአጥሩ ማዶ የመጥረቢያ ድምፅ ሰማሁና ደስ ብሎኝ ሄድኩ፤ ለካ አዲስ ቀርከሃ ቆርጠው መሽሎኪያችንን እየዘጉ ነው። በዚያ ጉልበታቸው ተንበርክከው፣ ጥብቅ አድርገው እያሰሩ። ልጠራቸው አፌን ከፈትኩና ሳልጠራቸው ተመለስኩ። እኔ! ሳልጠራ ተመለስኩ ስልሽ።

ሙላው ደግሞ ሥራው አልገፋ፣ ምግቡ አልወርድ አለው። «አባባ ተቀየሙኝ» ይላል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ካቫሌቶውን ላይተው ምሎልኛል፣ መኪናው እንዳይንከባለል ከጎማዎቹ ሥር የሚያስገባውን ታኮም አይረሳም። መነሣቱን ተው ስለው ግን በጄ አይልም። «ሽማግሌ ቆሞ እኔ ልጋደም ነው የምትይኝ?» ይለኛል።

«አንዴ ተጋድመህ ብትቀርስ ማን ይነሣላቸዋል?» አልኩት። ቁልፉን አንሥቶ ወደ ሥራው ገባ። በማግስቱ አቶ ቢሻው መጡ፤ እኚያ ከወሎ አብረውን የመጡት፣ የእድራችን ዳኛ፣ ሰው ሁሉ ካልተነሣላቸው ፊታቸው የሚጠቁረው። ሙላው ሆዬ እንደገና ቁልፉን ጥሎ እየተሳበ ወጣ! ያኔ ነው የቆረጥኩት። አባትሽን ብናጣ አንድ ሐዘን ነው፤ እሳቸውን ያሳጣን ነገር ግን እዚያው መኪናው ሥር ባሌን እየጠበቀው ነው። ሚስት ብትናገር አልሰማ ካለ የሚሰማውን ሰው ማምጣት አለብኝ።

ነጠላዬን ለብሼ በትልቁ መንገድ ዞሬ፣ በፊት በር ገባሁ። አባትሽ ቀርከሃ እየሰነጠቁ ነበር። «አንተ ስርጉት» አሉኝ፤ መቼም አማርኛው ሴትና ወንድ አልለይ ብሏቸው እኔን «አንተ» ነው የሚሉኝ፣ ከሳቸው አፍ ሲወጣ እወደዋለሁ። «አንተ ስርጉት፣ ይሄ እጅ ነው መኪናውን የነካ። እኔ ልጄን ልገድል ነበር።»

«እጅዎ አይደለም አባባ» አልኳቸው። «ክሪኩን የመታው የሱ ጉልበት ነው። ለምን መታው? ሊነሣልዎ ሲጣደፍ። እርስዎ ቢቀሩም ነገ ሌላ ሽማግሌ ይመጣል፣ ለሱም ይነሣል። እኔ ብናገር ሴት ናት ብሎ ይስቃል። እርስዎ አትነሣ ብለው ይዘዙልኝ።»

ቀርከሃውን አስቀመጡት። «ሽማግሌ 'ለኔ አትነሣ' ይላል? እንደዚህ ያለ ነገር ሰምተህ ታውቃለህ?»

ሰምቼ አላውቅም፤ እውነቱን ነገርኳቸው። እኔ እጣቴን አፍተለትላለሁ፣ እሳቸው መሬቱን ያያሉ። በዚህ መሐል የዙሁር አዛን ተሰማ። የውዱእ ጀበናቸውን አንሥተው ሊታጠቡ ብድግ ካሉ በኋላ እጃቸው ላይ ውሃው እየፈሰሰ ቆም አሉ።

«ሰው ሶላት ላይ እያለ ሌላ ሰው ይመጣል» አሉ። «የሚሰግደው ይነሣል? አይነሣም። የመጣው ይቀየማል? ወላሂ አይቀየምም። ቁጭ ይላል፣ ይጠብቃል፣ ሲጨርስ ሰላም ይላል።» ቀና ብለው አዩኝ። «መኪና ሶላት አይደለም። ግን ነፍስ አለ እዚያ ውስጥ።»

ከዚህ በላይ አልተናገሩም፤ እኔም አልጨመርኩም። ወደ ቤት ስመለስ መንገዱ ሁሉ አጠረኝ።

በማግስቱ ልብስ ሳጥብ ያሰሩት ቀርከሃ ሲላላ አየሁ። አባትሽ ገቡ። ጉሮሯቸውን አልጠረጉም። ሙላው ቶዮታ ሥር ነው፣ ካቫሌቶው ቆሟል፣ ታኮው ገብቷል፣ ጎማው ግን ይኼው ደግሞ ማንጎው ሥር ተጋድሟል። ቢቀየሙትም እንኳ መቀመጫቸውን አላነሣም ነበር ማለት ነው። አባትሽ ጎማውን አዩት፣ በዱላቸው ነካ አደረጉት፣ ከዚያ ጎንበስ ብለው አቆሙትና እያንከባለሉ ወደ መኪናው ወሰዱት። አጋድመውም ከሥሩ ገፉት።

ሙላው እግራቸውን አየ መሰለኝ ቁልፉ ሲወድቅ ሰማሁ።

«አትነሣ» አሉት።

«ኧረ አባባ…»

«አትነሣ አልኩህ። ከመኪና ሥር ያለ ሰው አይነሣም። ሌላ ሰው ቢመጣም አይነሣም። ለምን ካለህ፣ አጣሂር ብሏል በል።»

ከመኪናው ሥር «እሺ አባባ» የሚል ድምፅ መጣ፤ እንደ ሕፃን ድምፅ ቅጥን ብሎ። ቁልፉም ሥራውን ቀጠለ።

አባትሽ መሬት ላይ ቁጭ አሉ። በርጩማ ላመጣ ስነሣ በእጃቸው ተይ አሉኝ፤ ድምፄ እንዳይረብሸው ይሁን አላውቅም። እንዴት ከበዳቸው መሰለሽ! ሙላው ሁለት ክንድ ርቀት ላይ ሆኖ እሳቸው ዝም ማለት አለባቸው። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፤ ላሟን እየጠየቁ ይሆናል። ሙላው ሥራውን ጨርሶ፣ ቀስ ብሎ፣ ክሪኩን ሳይነካ ወጣ። ግራሶውን በሳሙና አሻሽቶ ታጠበ። ከዚያማ ምን ልበልሽ፣ የቀረውንም የከረመውንም ሰላምታ በአንድ ላይ ወጡት። አክስቴ ወገብ ላይ ሲደርሱ እኔ እንባዬን በልብሱ አረፋ ነው የጠረግሁት። ዓይኔን እንዴት እንደለበለበኝ!

እንግዲህ ይኸው ነው፣ አሁን ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። አባትሽ በርጩማቸውን ይዘው ይመጡና ከጋራዡ ደጃፍ ይቀመጣሉ። ሰላም ሊል የመጣውን ሁሉ «ቆይ፣ ሰውየው ከመኪና ሥር ነው» ይሉታል። መኪናው ላይ የሚደገፍ ካለማ ዱላቸው አለች። ባለፈው አቶ ቢሻው መጡና እንደ ወትሯቸው እስኪነሡላቸው ቆመው ጠበቁ። የሚነሣ ጠፋ። ፊታቸው ሲጠቁር አይቼ ልሮጥ ስል አባትሽ በርጩማቸውን ለቀቁላቸውና እሳቸው መሬት ወረዱ። አቶ ቢሻው አፈሩ፤ እሳቸውም አልቀመጥም ብለው መሬት ወረዱ። በርጩማዋ ለብቻዋ ቀረች። በሰፈራው ከመጣን ጀምሮ በዓመት በዓል ካልሆነ ቃል የማይለዋወጡ ሁለት ሽማግሌዎች ሙላው እስኪወጣ ስለ ማሽላ በሹክሹክታ ሲያወሩ ዋሉ። የኛ የሰፋሪዎቹ ሰዎችና ያንቺ የአገሬው ሰዎች እንዲህ መሬት ላይ አንድ ላይ ይቀመጡ ዘንድ መኪና መውደቅ ነበረበት እንዴ እያልኩ ለብቻዬ ስስቅ ነበር።

ደብዳቤውን ለሾፌር ነው የምሰጠው፤ መኪናውን ሙላው ስለጠገነው ሳይሰበር ይደርስልሻል። እኔ ከአባትሽ አንድ ቀን አልርቅም፣ ለዚህ አትስጊ። ለገና ከነልጅሽ ካልመጣሽ ግን ተጣልተናል። ስትመጪ ታዲያ ሁለት እግር ከመኪና ሥር ወጥቶ ብታዪና ጠርተሽው ድምፁን ቢያጠፋብሽ እንዳትቀየሚው። ዝም ብለሽ አባትሽ አጠገብ ተቀመጪ። ሥራውን ሲጨርስ በገዛ እግሩ ይወጣልሻል፤ ያኔ እስኪመሽ ሰላም እንባባላለን።

የምትናፍቅሽ ጎረቤትሽ
ስርጉት