ባዶ ማሽን ውስጥ ወረቀት ላነደዱት የሼዳችን ሰብሳቢ

ለተከበሩ አቶ ደረሰ፣
የሼዳችን ነጋዴዎች ኮሚቴ ሰብሳቢ፣
እንጅባራ

ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? ያ የጭስ ሳል ለቅቆዎት እንደሆነ ከልብ እየጠየቅሁ፣ በመናኸሪያው ሼድ በሙቅ አየር በሚጠብስ ማሽን፣ በኤር ፍራየር፣ ድንች ጠብሼ የማድረው እኔ እታለማሁ የተሰማኝን ምስጋና በአደባባይ አቀርባለሁ።

፩. ባለፈው ሮብ ድንች ልገዛ አዘና ገበያ በሄድሁበት፣ ኮሚቴው በሚይዘው ትርፍ ቁልፍ የሼድ ቤቴን ከፍተው ለጿሚው ነፍስ ስለተጨነቁ እግዜር ይስጥልኝ። በፍስክ ዶሮ የተጠበሰበት ማሽን የጾሙን ድንች ፍስክ ሊያስነካው ነው ብለው፣ ሽታው እንዲወጣ ንጹሕ የመጥበሻ ወረቀት አንጥፈው ባዶውን አጋሉት። ዶሮውም የራሱ ወረቀት ነበረው፤ ከነወረቀቱ ወጥቶ ተጥሏል። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ማለት ይኸው ነው።

፪. ወረቀቱ ያለ ምግብ ከገባ ሙቁ አየር አንሥቶ ከጋለው ሽቦ ጋር እንደሚያገናኘው ለደንበኞቼ ዓመት ሙሉ ስነግር የሰማኝ አልነበረም። እርስዎ ግን በአንድ ከሰዓት፣ ከነነበልባሉ፣ ሠርቶ ማሳያ አቀረቡልን። አሁን ሼዱ በሙሉ ገብቶታል።

፫. እሳቱን በባልዲ ውኃ ሊያጠፉ ሲሮጡ ያሳዩት ጀግንነት አይረሳም። ጎረቤቴ አቶ ክንዴ ቀድሞ ሶኬቱን ባይነቅል ኖሮ ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ለተተኪዎ ነበር።

፬. ማሽኑን «ለሕዝብ አደገኛ» ብለው በሬን አሽገው፣ በለጠፉበት ማስታወቂያ ግርጌ በወረቀት ፈንታ ፌስታል እንዲነጠፍ መምከርዎ ደግሞ፣ ወይ ጉድ! ጌታዬ፣ ፌስታል ይቀልጣል። ሌላው ቢቀር እባክዎ ያችን መስመር ይሰርዟት።

ቀልዱን ትቼ ልናገር፤ ተናድጃለሁ። ያ ማኅተም የተለጠፈው በበር ላይ ሳይሆን በእኔና በሁለት ልጆቼ ጉሮሮ ላይ ነው፤ ሁዳዴ ገብቶ ጿሚው ድንች ሲጠይቅ የእኔ ድንች ጆንያ ውስጥ እየበቀለ ነው። ወረቀቱን በማሽኑ መጥበሻ ሥር ልክ እቆርጣለሁ፣ አየሩ የሚዞርበትን ዳር አልሸፍንም፣ ድንቹን ሳልጭንበት አላስገባም፣ አንዴ ከተጠቀምሁበት እጥለዋለሁ። ከዚህ ሁሉ በኋላ መታሸግ ያለበት ነገር ካለ፣ እርስዎ ኪስ ያለው ቁልፍ ነው።

ቸርነትዎ እንደ ፍጥነትዎ እንዲሆንልኝ እየተመኘሁ፣ እጅ ነሥቼ እሰናበታለሁ።

አክባሪዎ
እታለማሁ
ከታሸገው በር ፊት ለፊት

ድኅረ ጽሑፍ፦ ባለቤትዎ ወይዘሮ ቤዛዊት ለእሑድ ማኅበራችሁ የአርባ ሰው ድንች አዝዘውኛል፤ እኔም ደስ ብሎኝ ተቀብያለሁ። ማሽኑ ውስጥ እሳቱን ማን እንዳስነሣው ሲጠይቁኝ አፍሬ ወሬውን ወደ ድንቹ ዋጋ መለስሁት። ይህ ደብዳቤ ግን ከማስታወቂያዎ ጎን ተለጥፏል፤ እርሳቸውም ቅዳሜ ለገበያ በዚሁ በር ያልፋሉ። ማኅተሙ ዐርብ ከተነሣ፣ ደብዳቤውንም አብሬ እገነጥለዋለሁ።