ለመልስ ጥሪ ሠላሳ ዓመት የተሰናዱት የአቶ ወንዳወቅ አድማሴ የሕይወት ታሪክ

አቶ ወንዳወቅ አድማሴ ከአባታቸው ከአቶ አድማሴ ዘሩ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ አስካለ ማርያም ገብረ ሕይወት በ1953 ዓ.ም. በቡሬ አቅራቢያ ገጠር ተወለዱ። ፊደል ቆጥረው ዳዊት ከደገሙ በኋላ በቡሬ ከተማ እስከ ስምንተኛ ክፍል ተማሩ። ቤተሰቡ ቄስ ይሆናሉ ብሎ ሲጠብቅ እሳቸው የአውቶቡስ ረዳት ሆኑ። ቆይተውም መንጃ ፈቃድ አውጥተው የቡሬን በርበሬና በቆሎ በጭነት መኪና ወደ አዲስ አበባ ሲያመላልሱ ኖሩ።

በ1983 ዓ.ም. አንድ የመንገድ ሥራ መሐንዲስ ከአገር ሲወጣ ባለ ሁለት መቀመጫ፣ ሸራ ጣሪያ ያላት ቀይ ፊያት ስፖርት መኪና ሸጠላቸው። መኪናዋ ያን ጊዜም አሮጌ ነበረች። የአቶ ወንዳወቅን ታሪክ ያለ እርሷ ለመጻፍ ተሞክሮ ነበር፤ አልተቻለም።

በጥር 1985 ዓ.ም. ከሽንዲ ወጣ ብሎ ባለ ገጠር የመሪጌታ ክንፈሚካኤል ወልደ ገብርኤልን ልጅ ወይዘሮ ደስታነሽን በሥርዓተ ተክሊል አገቡ። ሙሽራዪቱን የወሰዱት በዚህችው መኪና ነው። አንዱ የፊት መብራቷ አይሠራም ነበር፤ ከግቢው ሳትርቅም ወደ ግራ ስባ ቦይ ውስጥ ገባች። ሚዜዎች ገፍተው ሲያወጧት፣ በቅኔያቸውም በምላሳቸውም የታወቁት መሪጌታ ዙሪያዋን ዞረው አዩና፣ «አንድ ዐይኗ የጠፋ፣ አንገቷ የተጣመመ፣ እንደ ፍየል የምትዘል! ስማ አንተ ሙሽራ፣ ዐይኗ ሲበራ፣ አንገቷ ሲቃና፣ ዝላዩን ስትተው ያኔ ለመልስ እጠራሃለሁ» አሉ። ሠርገኛው ሳቀ። ሙሽራው አልሳቁም።

መልሱም ሳይጠራ ቀረ። መሪጌታ የምራቸውን ይሁን ለጨዋታ፣ ዛሬ የሚነግረን የለም። አቶ ወንዳወቅ ግን ያልተጠራ ሙሽራ የአማቱን ደጅ አይረግጥም ብለው ጸኑ። ባለቤታቸው ወላጆቻቸውን ሊጠይቁ ሲሄዱ እስከ ሽንዲ ያደርሷቸውና፣ ከአንድ ሻይ ቤት በራፍ ተቀምጠው የአማታቸውን አገር ከሩቅ እያዩ ይጠብቁ ነበር።

ኑሯቸውን በፍኖተ ሰላም መሥርተው፣ ከመናኸሪያው አጠገብ ጋራዥ ከፍተው፣ ፍሬሕይወትንና ቴዎፍሎስን ወልደው አሳደጉ። የሰው መኪና ሠርተው ሲጨርሱ የራሳቸውን ይጀምራሉ። መጀመሪያ የተነሡት በመብራቱ ነው። የደከመውን ገመድ በወፍራም ለወጡ፤ አዲስ አምፖልና መስተዋት ገጠሙ። ብርሃኑ ከፊት የሚመጣ ሾፌር እንዳያሳውርም በግቢያቸው ግድግዳ ላይ በከሰል መስመር አስምረው ዝቅ አደረጉት። ወይዘሮ ደስታነሽ ለአባታቸው «ዐይኗ በራ» ብለው ቢነግሩ፣ መሪጌታ «አንገቷስ?» አሉ።

ጎማዎቿን ለማቃናት ከኋላ ጎማ እስከ ፊት ጎማ ሲባጎ ወጥረው ልዩነቱን በማስመሪያ ይለኩ ነበር። ጥቂት አስተካክለው ወደ ደምበጫ መንገድ ይወጣሉ፤ መሪውን ለቀቅ አድርገው ያያሉ፤ ተመልሰውም ደግሞ ሲባጎ ይወጥራሉ። ያረጁት መጋጠሚያዎች እስኪለወጡ ድረስ አልረጋም። በመጨረሻ ባሕር ዳር ወስደው በመሣሪያ አስለክተው አቃኑት። ከሽንዲ የመጣው ቃል «ዝላዩስ?» የሚል ነበር።

ዝላዩ ብዙ ዓመት ወሰደ። መኪናዋ ለአስፋልት የተሠራች ናት። ሞላዋ ሲለሰልስ ሆዷ ድንጋይ ይነካል፤ ሲጠነክር ደግሞ ትዘላለች። ውጭ አገር ተምሮ የተመለሰው ልጃቸው ቴዎፍሎስ፣ «አባባ፣ ይችን ሸጠው ደኅና መኪና ለምን አይገዙም?» ቢላቸው፣ «ደኅናይቱን ማን ሰደባት? የተሰደበችው ይችው ናት» አሉት። በ2015 ዓ.ም. ከፍ ያለ ሞላና የሚስማማት ሾክ አብዞርበር ተገኝቶ ገጠሙላት። በቡሬ የኮረት መንገድ አመላልሰው ከሞከሯት በኋላ ወደ ሽንዲ መልእክት ላኩ። መሪጌታም፣ «እንግዲያው በጥር ይምጡ» አሉ። አቶ ወንዳወቅ ለመልሱ ነጭ ልብስ አሰፉ።

በዚያ ጥር ግን በጸጥታ ችግር መንገዱ ተዘጋ። በየካቲት መሪጌታ ዐረፉ። አቶ ወንዳወቅ ገሚሱን በእግራቸው ተጉዘው፣ ያንኑ ነጭ ልብስ ለብሰው፣ በመልስ ሊገቡበት ሲመኙት የኖሩትን ቤት በልቅሶ ገቡ። ሐዘን የገባበት ቤት ዓመት ሳይሞላው አይደግስምና ነገሩ አደረ። ዓመቱ ሲሞላ ደግሞ እሳቸው በኩላሊት ሕመም ተያዙ። ያም ሆኖ ሲመሻሽ ከአልጋቸው ተነሥተው መኪናዋን ያስነሡ፣ ብርሃኗ ከከሰሉ መስመር ላይ ማረፉን አይተው ያጠፉ ነበር። ባለቤታቸው «እንዲህ ሆነው ወዴት ሊሄዱ ነው?» ሲሏቸው፣ «ምናልባት ከተጠራሁ» ይሉ ነበር።

በሕክምናና በጸበል ሲረዱ ቆይተው ኅዳር 16 ቀን 2018 ዓ.ም. በስልሳ አምስት ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ተለዩ። ሥርዓተ ቀብራቸው ዛሬ በፍኖተ ሰላም፣ ወዳጅ ዘመዶቻቸው በተሰበሰቡበት ይፈጸማል። ባለቤታቸው ወይዘሮ ደስታነሽ፣ ልጆቻቸው ፍሬሕይወትና ቴዎፍሎስ፣ እኅታቸው ወይዘሮ ሠርክአዲስ፣ እንዲሁም አማታቸው እማሆይ ወለተ ጊዮርጊስ በሐዘን ቀርተዋል።

እማሆይን ትናንት ከሽንዲ ገጠር ያመጣቻቸው ያችው መኪና ናት። ከሠርጉ ቀን ወዲህ ያን ደጅ ስትረግጥ የመጀመሪያዋ ነው። ሲመሻሽ ከዚህ ግቢ ደርሰው ሲወርዱ፣ እጃቸውን ከመብራቷ በላይ አሳርፈው እንዲህ ብለዋል፦ «መንገዱን አየች፤ ቀጥ ብላ መጣች፤ እኔንም እንቅልፍ ወስዶኝ ነበር። በሉ ለልጄ ለወንዳወቅ ንገሩልኝ፤ ለመልስ ጠርቼዋለሁ።»

ነግረናቸዋል። እግዚአብሔር አምላክ ነፍሳቸውን ተጠርቶ እንደ መጣ እንግዳ በደጁ ይቀበልልን፤ ለቀሩት ሁሉ መጽናናትን ይስጥልን። አሜን።