የወላይታ ድንችን ዘር ከመጥፋት የጠበቁት የወ/ሮ ባሎቴ ሶርሳ የሕይወት ታሪክ

እናታችን ወ/ሮ ባሎቴ ሶርሳ ከአባታቸው ከአቶ ሶርሳ ሻንካ እና ከእናታቸው ከወ/ሮ ዳልጊቴ ኩኬ በ1938 ዓ.ም. በወላይታ፣ በሁምቦ ቆላ ተወለዱ። ያደጉት በበቆሎና በጥጥ ማሳ መካከል ነው። የወላይታ ድንች ሲበላ እንጂ ሲተከል አይተው አያውቁም ነበር። ይህን አስቀድሜ የምጽፈው የኋላው ነገር ሁሉ ከዚሁ ስለሚነሳ ነው።

በ1956 ዓ.ም. ከአባታችን ከአቶ ጩምቡሮ ዋዳ ጋር ተጋብተው ወደ ዳሞታ ተራራ ግርጌ ወጡ። አማታቸው ወ/ሮ ጋዲቴም አዲሷን ምራት ሊፈትኑ አንድ ቅርጫት ለዘር የሚሆን ድንችና ከደጃፍ ያለች ቁራሽ መሬት ሰጧቸው። እናታችን ዘሩን ሰባብረው ተከሉ፤ አረሙ፤ አፈር አለበሱ። ሐምሌ ላይ ጎረቤቱ ሁሉ የተክሉን ለጋ ጫፍ ሲቀነጥብ ግን የእሳቸው እጅ እምቢ አለ። እንዲያ የለመለመውን መቁረጥ ኃጢአት መሰላቸው። መስከረም ሲጠባ ማሳው ሰማያዊ አበባ በአበባ ሆነ፤ መንገደኛ ቆሞ ያየው ነበርና እሳቸውም ኮሩ። ኅዳር ላይ ሲቆፈር የወጣው የጣት ጫፍ የምታህል ድንች ብቻ ነበር። አማታቸው ቅርጫቱን አየት አድርገው፣ «ግድ የለም ልጄ፣ ዘንድሮ አበባውን በዳጣ እንበላለን» አሏቸው። ይህ ቀልድ እስከ ዛሬ ሰፈሩን ያስቃል። እናታችን ግን ያን ቀን አልቅሰዋል።

በዓመቱ አማታቸው እጃቸውን ይዘው መቀንጠብን አሳዩአቸው። ጫፉ ሲነሳ ተክሉ በጎን ይበዛል፣ ከሥርም ያፈራል። ከዚያ ወዲያ በዚህ ሥራ የሚስተካከላቸው አልተገኘም። አምስት ልጆች ወልደው አሳድገዋል፤ በ1972 ዓ.ም. በመሠረተ ትምህርት ፊደል ቆጥረው መጀመሪያ የጻፉት የእኛን ስም ነው፤ ቀጥሎ የድንቹን።

በኋላ የፈረንጅ ድንች ቶሎ ይደርሳል ተባለና ሰፈሩ የአባቶቹን ዘር ተወ። ይህ ዘር ደግሞ በየዓመቱ ካልተተከለ ይጠፋል። አባታችን ሳይቀሩ፣ «አንቺ ሴትዮ፣ ሰው ሁሉ የጣለውን ታቅፈሽ ልትቀሪ ነው?» ይሏቸው ነበር። እሳቸውም፣ «እናትህ ስንት ስቀውብኝ ያስተማሩኝን ልተው? ዝም ብለህ ብላ» እያሉ አንድም ዓመት ሳይዘሉ ሦስት መደብ ይተክሉ ነበር። በ2002 ዓ.ም. ክረምት ዋግ የፈረንጁን ድንች ቅጠሉን አጥቁሮ፣ ሥሩን አበሰበሰው። ያሾፉባቸው ሁሉ ቅርጫት ይዘው ደጃችን ቆሙ። እናታችን ማንንም አልወቀሱም ብል እዋሻለሁ፤ ወቅሰዋል። ወቅሰው ሲያበቁ ግን ለሃያ ሰባት ቤት ዘር በነጻ አደሉ። ለሚወስደው ሁሉ፣ «ካበበብህ በሰፈር አስቅብሃለሁ» ይሉት ነበር። ከራሳቸው ደጃፍ ግን በየዓመቱ አንዲት ተክል ሳይቀነጥቡ ይተዉ ነበር፤ ለአማታቸው መታሰቢያ ነው።

ባለፈው ዓመት የልብ ሕመም ጸናባቸው። ሐምሌ ሲገባ መነሳት ስላቃታቸው፣ «ማን ሊቀነጥብልኝ ነው? ዘሩ በእኔ እጅ ይጥፋ?» እያሉ ተጨነቁ። ሐምሌ 12 ቀን ሃያ ሰባቱም ቤት ሳይጠራ መጣ። እናታችን በወንበር ደጅ ተቀምጠው ሲቆጡና ሲስቁ ዋሉ። ከተማ ያደገችው ባለቤቴ እንደ እሳቸው ጊዜ እጇ እምቢ ቢላት፣ «ልጄ፣ አትዘኚለት፤ ቀንጥቢው» ብለው እጇን ይዘው አሳዩአት። ያቺን የደጃፋቸውን አንዲት ተክል ግን ማንም እንዳይነካት ከለከሉ። ማታ እንጀራ ሳይሆን ከዘር የተረፈውን ድንች በዳጣ ጠይቀው በሉ፤ ከዚያ በኋላ ስለ ዘሩ ተጨንቀው አልሰማናቸውም።

መስከረም 18 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ በወላይታ ዘመን መለወጫ በጊፋታ ሰሞን፣ በተወለዱ በ79 ዓመታቸው አረፉ። አምስት ልጆች፣ አሥራ አራት የልጅ ልጆች፣ ሃያ ሰባት ቤት ሙሉ ዘር ትተዋል። በሣጥናቸው ላይ የምታዩት ሰማያዊ አበባ ከደጃፋቸው ተክል የተቆረጠ ነው።

ኅዳር ላይ ሲቆፈር ዘር የምትፈልጉ ቅርጫት ይዛችሁ ኑ፤ ባለቤቴ መቀንጠቡን ታሳያችኋለች። በመጀመሪያው ዓመት አበባው ያታለለው ሰው ካለም አይፈር፤ እሳቸውም የጀመሩት እንዲሁ ነው።

ጌታ ነፍሳቸውን ከአማታቸው ጎን ያሳርፍልን፤ እንግዲህ ሁለቱ ይሳሳቁ።